ጋውኑ ይመረቅ

በምረቃ ቀን አዳራሹ በር ላይ ቆሞ ጋውን ያልለበሰውን ተመራቂ የሚመልሰው ሰው ምስጋና ተነፍጎታል። መምህራንና ፈተና በዓመታት ያላጣሩትን እሱ በአንድ እይታ ያጣራል፦ ቆቡ ቀጥ ብሏል? ዘርፉ በየት በኩል ወርዷል? ዚፑ እስከ አንገት ተዘግቷል? በ2015 ዓ.ም. የመውጫ ፈተና ሲጀመር ከተፈታኞቹ ከግማሽ በላይ ወደቁ፤ በአለባበስ የወደቀ ግን አልተሰማም። ዕውቀት በጨርቅ የሚገባ ከሆነ ታዲያ ምን እናመነታለን? የከተማችን የደብረ ብርሃን ልብስ ሰፊዎች ሴኔት ይሁኑ። የመመረቂያ ጽሑፍ በሜትር ይለካ፤ ለማስተርስ እጅጌው ይርዘም፣ ለዶክትሬት ገበር ይግባበት። አማካሪው «ምንጭ ጥቀስ» ማለቱን ትቶ «ጠርዙ ይዘምዘም» ብሎ ይመልስ፤ የውጭ ፈታኙም መርፌና ክር ይዞ ይምጣ። ከጓደኛው ጋውን የተዋሰ በጽሑፍ ስርቆት ይከሰስ። የተጨማደደ ጋውን ያልተረጋገጠ ግኝት ነውና ካውያ ቤቱ በምርምር ምክትል ፕሬዚዳንቱ ሥር ይሁን፤ የካውያው ሙቀትም በየሩብ ዓመቱ ለቦርዱ ሪፖርት ይደረግ። የሙአለ ሕፃናት ልጆችማ ቀድመውናል፤ ጋውን ለብሰው ፎቶ ከተነሡ በኋላ አንደኛ ክፍል መግባታቸው ትርፍ ድካም ነው።

ቀልዱ ይቆየንና፣ ነገሩ ያናድዳል። ይህ ልብስ የመካከለኛው ዘመን የአውሮፓ ቀሳውስትና ተማሪዎች እሳት በሌለበት የድንጋይ አዳራሽ ከብርድ የሚጠለሉበት ወፍራም ቀሚስ ነበር። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ምረቃው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሰኔና ሐምሌ ላይ፣ ዝናብና ጉም ሲወርድ ነው። በዚህ ብርድ ልጁን ነፋስ የሚያልፈው ስስ ፖሊስተር አልብሰን «ክብር» እንለዋለን። አባቱ ከመሐል ሜዳ ወይም ከሞላሌ ሲመጣ የደረበው በርኖስ ከመንዝ በግ ጠጉር ሴቶች የፈተሉት፣ ሸማኔ የሠራው ነው፤ ትከሻው ላይ ሾጠጥ ያለ፣ ካፊያ የማይበግረው። ከሁለቱ ለዚያ ለጥንቱ የአውሮፓ ሊቅ የሚቀርበው አባትየው ነው። በርኖስ ደርቦ ልመረቅ የሚል ልጅ ቢመጣ ግን የሥርዓቱ ጠባቂ በሩን ይዘጋበታል።

ጋውን የሀብታሙንና የድሃውን ልጅ እኩል ያደርጋል የሚሉ አሉ። ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ ግን ጋውን ከጉልበት በታች ይከፈታል፣ ጫማውም ሱሪውም የማን ልጅ እንደሆነ ይናገራል። እኩልነቱ ከልብ ከሆነ ጋውኑን ዩኒቨርሲቲው በነፃ ያልብስ፤ ለኪራይ ያጣውን በር ላይ ማቆም እኩልነት አይባልም። ኦክስፎርድስ ተማሪውን ለፈተና ሳይቀር ጋውን ያስለብስ የለ? ያስለብሳል፤ እዚያ ግን እ.ኤ.አ. በ2006 እና በ2015 ተማሪዎቹ ተጠይቀው ድምፅ ሰጥተው ነው ይቀጥል ያሉት። እኛ ጋ ማን ተጠየቀ? ሥርዓት ይጠፋል ለሚለውም፣ በአብነት ትምህርት ቤት ደበሎ ለብሶ ቅኔ የሚቆጥር ተማሪ አለ፤ የኔታ የሚያርሙት ቅኔውን ነው፣ ደበሎውን አይደለም። ሥርዓቱ ግን ከብዙ ዩኒቨርሲቲ ይጠብቃል።

ጋውን የወደደ ይልበስ፤ ፎቶ ላይ ያምራል። በመጪው ሰኔ ግን በሩ ላይ የሚቆመው ሰው የተመራቂዎችን ስም ዝርዝር ይያዝ፤ ስሙ ያለበት፣ በርኖስም ይደርብ ጋቢ፣ ይግባ።