በብራውዘር ምክንያት ከወዳጅ ለመጣላት የሚያበቃ መመሪያ

በመጀመሪያ አንድ መሣሪያ ይምረጡ። ምርጫው ጥናት አይጠይቅም፤ ኮምፒውተር በለመዱበት ክፍል አጠገብዎ ተቀምጦ የነበረው ልጅ የሚጠቀምበትን ይውሰዱ። ጣቶችዎ ሳያዝዟቸው መሮጥ እስኪጀምሩ ድረስ በእሱ ይሥሩ። እዚህ ከደረሱ ለሙግት በቅተዋል። የቀረዎት የራስዎን ጣቶች ልማድ መርህ ብሎ መሾም፣ የሌላውን ሰው ልማድ ደግሞ የአእምሮ ጉድለት ብሎ መፈረጅ ብቻ ነው።

ምክሩ ከባዶ የተነሣ አይደለም። ኢንተርኔት ገና የዩኒቨርሲቲና የቤተ ሙከራ ሰዎች መንደር በነበረበት ዘመን፣ ዩዝኔት በተባለው የውይይት መድረክና በኢሜይል ሲሟገቱ ያነጉ ባለሙያዎች ፈትነው ያረጋገጡት ነው። አባቶቻችን ችሎት ቆመው “ተጠየቅ” ሲባባሉ ማር ወይም በቅሎ ይወራረዱ ነበር፤ ዳኛም ነበራቸው። እነዚህ ግን ያለ ዳኛ፣ ያለ ቀጠሮና ያለ ውርርድ ስለተሟገቱ መዝገባቸው እስከ ዛሬ አልተዘጋም። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር አስቀምጫለሁ፤ ጠቡ የእነሱ ነው።)

በኤዲተር፣ ማለትም በጽሑፍ ማዘጋጃው፣ ይጀምሩ። ፕሮግራመር ቀኑን ሙሉ የሚያፈጥበት ስለሆነ ለጠብ የተመቸ ነው። አንጋፋው ጠብ በቪአይና በኢማክስ ወገኖች መካከል ያለው ሲሆን፣ ሁለቱም ኤዲተሮች የተወለዱት በ1976 ነው። ቪአይን የጻፈው ቢል ጆይ በርክሌይ ተማሪ ሳለ ነበር። የሚሠራውም በ300 ቦድ ሞደም ነበር፤ ማለትም በሴኮንድ ሠላሳ ፊደል ገደማ። በዚህ ፍጥነት አንድ ሙሉ ስክሪን ለመሙላት ከደቂቃ በላይ ይፈጃል። እንዲህ ያለ መስመር ላይ የተቀመጠ ሰው ቁጥብ መሆኑ አይገርምም፤ ትእዛዞቹን አንዳንድ ፊደል አደረጋቸው። ጠቋሚውን ለማንቀሳቀስ ኤች፣ ጄ፣ ኬ እና ኤልን የመረጠውም ተራቅቆ አልነበረም። የተጠቀመበት ኤዲኤም-3ኤ የተባለው ተርሚናል ላይ ቀስቶቹ የተሳሉት በእነዚያ ቁልፎች ላይ ስለነበር ነው። ኢማክስ በአንጻሩ ያደገው ኤምአይቲ ውስጥ፣ ከኮምፒውተሩ ጋር በፈጣን መስመር በተያያዙ ስክሪኖች ፊት ነው። ስለዚህ ልግስናውን ከዚያው ለመደ፤ ያገኘውን ሁሉ ሰብስቦ ቤቱን እያሰፋ ሄደ።

ይህን ታሪክ በሙግት መካከል ፈጽሞ አያንሱ። የአንዱ ቁጥብነት ከስልክ መስመር ድህነት፣ የሌላው ብልጽግና ከቤተ ሙከራ ሀብት የመጣ መሆኑ ከታወቀ ሰዎች ተሳስቀው ወደየሥራቸው ሊመለሱ ይችላሉ። ይልቅ ቪአይን የሚጠቀሙ ከሆነ፣ ኢማክስ ስምንት ሜጋባይት ማህደረ ትውስታ ይውጣል ብለው ይሳለቁ። በዚያ ዘመን ይህ ከባድ ስድብ ነበር፤ ዛሬ በስልክ የምናነሣው አንድ ፎቶ ስንት እንደሚውጥ አያስቡ። ኢማክስን የሚጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ቪአይ ውስጥ ገብቶ መውጫው የጠፋበትን ጀማሪ ሁሉ እየጠቀሱ ይዘኑ። ሐዘንዎ ከልብ እንዳይመስል ይጠንቀቁ።

ከኢማክስ አባቶች አንዱ የሆነው ሪቻርድ ስቶልማን ነገሩን እስከ መጨረሻው አድርሶታል። ካባ ለብሶ፣ የአሮጌ ዲስክ ሳህን እንደ አክሊለ ብርሃን ራሱ ላይ ደፍቶ፣ የኢማክስ ቤተ ክርስቲያን ቅዱስ ነኝ ይላል። ቪአይ በሮማውያን ቁጥር ስድስት ስለሆነ፣ ሦስት ጊዜ ሲደረደር ምን እንደሚሆን ራእየ ዮሐንስን ያነበበ ያውቃል። ነጻውን የቪአይ ቅጂ መጠቀም ግን ኃጢአት ሳይሆን ንስሐ ነው ይላል። ሰውየው እየቀለደ ነው። እርስዎ ግን ቃሉን እንዳለ ይውሰዱ፤ አይሳቁ፤ የሳቀውንም ይገሥጹ።

ስለ ቀልድ ከተነሣ አንድ አደገኛ ፈጠራ አለ። በ1982 የካርኔጊ ሜሎን ዩኒቨርሲቲ ሰዎች በኮምፒውተር መልእክት ስለ ሊፍትና ስለ ሜርኩሪ ሲቀላለዱ፣ ቀልዱ ለአንዳንዱ የእውነት የአደጋ ማስጠንቀቂያ መሰለው። ስኮት ፋልማን ይህን አይቶ፣ ቀልድ መሆኑ እንዲታወቅ ሁለት ነጥብ፣ ሰረዝና ቅንፍ ደርድረን ፈገግታ እናስቀምጥ አለ። ከዚህ ፈገግታ ይራቁ። ስንት የሚያምር ጠብ በእሱ ምክንያት ሳይወለድ እንደቀረ ማን ያውቃል?

አሁን ወደ ብራውዘር እንለፍ። እዚህ ሜዳ ላይ በትክክል መሸነፍ የሚቻለው የተሻለውን ሐሳብ ይዞ፣ ሳይሠሩት በመቀመጥ ነው። በፌብሩዋሪ 1993 ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ወጣቱ ማርክ አንድሪሰን፣ በድረ ገጽ ላይ ሥዕል ማስገቢያ የሚሆን አንድ አጭር ምልክት ይኑረን ብሎ ጻፈ። መልስ ሰጪዎቹ ቀላል ሰዎች አልነበሩም፤ የድሩ ፈጣሪ ቲም በርነርስ-ሊ ራሱ ነበረበት። ለሥዕል ብቻ ለምን? ለማንኛውም ዓይነት ፋይል የሚሠራ አጠቃላይ መንገድ አይሻልም? ነገሩን ባለው ማያያዣ ብንፈታውስ? ሁሉም በቂ ምክንያት ነበረው። እንደ እኔ ግምት አብዛኞቹ ልክ ነበሩ። እነሱ ልክ ሆነው ሲጽፉ፣ አንድሪሰንና ኤሪክ ቢና ምልክቷን ሞዛይክ በተባለው ብራውዘራቸው ውስጥ ከተው ለሕዝብ ለቀቋት። ሰው ሥዕል አየ፤ አለቀ። ያቺው ምልክት እስከ ዛሬ ሥዕል ታስገባለች።

ሥዕል የሚጠሉ ከሆነ ካንሳስ ዩኒቨርሲቲ በተሠራው ሊንክስ፣ ጽሑፍ ብቻ በሚያሳየው ብራውዘር፣ መመጻደቅ ይችላሉ። ነገር ግን ከሠሪዎቹ አንዱ የሆነውን የሉ ሞንቱሊን ዕጣ ያስቡ። ኔትስኬፕ የተባለው የብራውዘር ኩባንያ ከገባ በኋላ አንድ ምሽት መጠጥ ቤት ውስጥ፣ አዲሱ ነገር ሁሉ በሊንክስ ላይ አይታይም፤ የሚታይ ቢኖር ብልጭ ድርግም የሚል ጽሑፍ ብቻ ይሆናል ብሎ ቀለደ። ሌሊቱን አንድ ባልደረባው ቢሮ ገብቶ ሠራው። ከዚያ ወዲያ በዓለም ላይ ያለ የጀማሪ ገጽ ሁሉ ዓይን እስኪያጠፋ ብልጭ ድርግም አለ። እዚህ ላይ የፋልማንን ፈገግታ የተከለከሉበት ጥበብ ይገባዎታል።

ገጽ ካለዎት ግርጌው ላይ “በኔትስኬፕ ሲታይ ያምራል” የሚል ምልክት ይለጥፉ። እንግዳ ሲመጣ ከደጃፍ መልሰው ልብስህን ቀይረህ ና ማለት ክብርን ይጨምራል። ሠፈርዎ እያሸነፈ ከሆነ ደግሞ ውጤቱን በሰሌዳ ጽፈው ያቁሙ። በ1997 መጸው የማይክሮሶፍት ሰዎች አራተኛውን ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ባወጡ ሌሊት፣ አንድ ግዙፍ የ“ኢ” ፊደል ምልክት አምጥተው ኔትስኬፕ ቢሮ ደጅ ሣሩ ላይ ተከሉ። የኔትስኬፕ ልጆች ምልክቱን ገፍተው ጣሉት፤ ሞዚላ የተባለውን አርማቸውን፣ እንሽላሊት መሳዩን አውሬ፣ ላዩ ላይ አቆሙ፤ ደረቱ ላይም “ኔትስኬፕ 72፣ ማይክሮሶፍት 18” የሚል ሰሌዳ አንጠለጠሉ። የገበያ ድርሻቸው ነበር። ብዙ ዓመት ሳይቆይ ቁጥሩ ተገለበጠ፤ ኔትስኬፕም በ1998 ለአሜሪካ ኦንላይን ለመሸጥ ተስማማ። በጊዜው ሰሌዳ ያላቆመ ሰው ምን ደስታ ይቀርለታል?

ከሁሉ የምወደው ግን ይህን ነው። ብራውዘር ወደ ሰርቨር ሲሄድ ስሙን ይናገራል። የኔትስኬፕ ስም ሞዚላ ነበር፤ አንዳንድ ሰርቨሮች ያማረውን ገጽ ሞዚላ ነኝ ላለ ብቻ ይሰጡ ጀመር። ኢንተርኔት ኤክስፕሎረርም በር ላይ እንዳይቀር ሞዚላ ነኝ አለ። ከዚያ የመጣው ሁሉ እንዲሁ አለ። ዛሬ ስልክዎ ላይ ያለው ብራውዘር ክሮምም ይሁን ሳፋሪ፣ በየደጁ ስሙን የሚጀምረው በሞዚላ ነው። ደጋፊዎቻቸው ደም ሲፋሰሱ ባላንጣዎቹ ግን በአንድ መታወቂያ ይገቡ ነበር።

ጠቡ የእነሱ ነው አልኩ እንጂ እኛም አልቀረንም። በ1990ዎቹ እያንዳንዱ የግዕዝ ሶፍትዌር ፊደላቱን በየራሱ ቦታ ስለሚያስቀምጥ፣ በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት የአጋንንት መዝገብ ይመስል ነበር። አማርኛን በላቲን ፊደል በኢሜይል ለመጻፍ ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ “ሴራ” የተባለ ሥርዓት አወጡ፤ በዚህ ሥርዓት ትልቁ ቲ “ጠ”፣ ትንሹ ቲ “ተ” ነው። ሥርዓቱን በወጉ ለማበላሸት እንደመጣልዎት ይጻፉ፤ አንባቢው ካልገባው አማርኛ አይችልም ይበሉት። የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ሲገባ ችግሩ ሊፈታ ነበር፤ እርስዎ ግን የድሮውን ፎንት አይልቀቁ።

ምናባዊ ዓለማትን በተመለከተ የሚያስፈልግዎት አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፦ “ይህ እኮ ጨዋታ ነው።” ለራስዎ ሲመቸዎት ጨዋታ፣ ሲበደሉ ደግሞ ዓለም ያድርጉት። ሉካስፊልም በ1980ዎቹ አጋማሽ ለኮሞዶር 64 በሠራው ሃቢታት ውስጥ ሰዎች መሰራረቅና መገዳደል ሲጀምሩ፣ ነዋሪዎቹ ይህ ዓለም ነው ወይስ ጨዋታ ብለው ተሟገቱ። ዓለም ከሆነ መግደል ወንጀል ነው፤ ጨዋታ ከሆነ ምን አለበት? ድምፅ ቢሰጥ እኩል ለእኩል ወጣ። አስተዳዳሪዎቹ በከተማ መግደልና መስረቅ እንዳይቻል አደረጉ፤ ከከተማ ውጭ ያለውን ዱር እንደነበረ ተዉት።

ላምዳሙ ውስጥ የሆነው ግን ለፌዝ አይመችም። ይህ ፓቬል ከርቲስ ዜሮክስ ፓርክ በተባለው የምርምር ማዕከል የከፈተው፣ በጽሑፍ ብቻ የሚኖርበት ዓለም ነበር። በ1993 አንድ ተጠቃሚ የሌሎችን ገጸ ባሕርያት ተቆጣጥሮ በአደባባይ በጽሑፍ ደፈራቸው። የተበደሉት ፍርድ ሲጠይቁ ነዋሪው ተሰብስቦ ስለ ሥልጣን፣ ስለ መናገር ነጻነትና ስለ አካልና ቃል ልዩነት ተራቀቀ፤ ያለ ውሳኔም ተበተነ። በመጨረሻ አንድ አስተዳዳሪ ብቻውን ገጸ ባሕርዩን ሰረዘው። የሚያለቅስ ሰው ፊት ትርጉም እየተነተኑ መቆየት እንዴት እንደሚቻል ማየት የሚፈልግ እዚያ ይሂድ፤ እኔ የምጨምረው ምክር የለኝም።

በመጨረሻ፣ ትንቢት ይናገሩ። በጃንዩዋሪ 1992 አምስተርዳም ያስተምር የነበረው ፕሮፌሰር አንድሩ ታነንባም፣ የሄልሲንኪው የ22 ዓመት ተማሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ የጻፈው ሊነክስ የተባለ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ጊዜው ያለፈበት ነው ብሎ ዩዝኔት ላይ ጻፈ። ሁሉን ሥራ በአንድ ትልቅ አስኳል (ከርነል) ማጎሩ ስሕተት ነው፤ ከኢንቴል የ386 ቺፕ ቤተሰብ ጋር መታሰሩም ሌላ ስሕተት ነው አለ። ልጁ ተቆጥቶ መለሰ፤ ፕሮፌሰሩም ተማሪዬ ብትሆን ለእንዲህ ያለ ንድፍ ጥሩ ውጤት አልሰጥህም አለው፤ ልጁ በማግሥቱ ስለ ቁጣው ይቅርታ ጠየቀ። (ይቅርታውን አይቅዱ።) ሊነክስ የት እንደደረሰ ይታወቃል። ፕሮፌሰሩ ራሱ የጻፈው ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ ሚኒክስ፣ ግን በ2017 ያልታሰበ ቦታ ተገኘ፤ በእነዚያው በኢንቴል ቺፖች ውስጥ ተደብቆ በሚሠራ አነስተኛ ኮምፒውተር ላይ፣ በማያውቁት ሰዎች ቤት ሁሉ። የኩባንያው መሐንዲሶች ከዓመታት በፊት ጥያቄ ይልኩለት ነበር፤ ለምን እንደሆነ ግን አልነገሩትም። ታነንባምም ግልጽ ደብዳቤ ጽፎ አመሰገናቸው፤ ሥራው ሲያልቅ ለወጉ ያህል ቢነግሩኝ ደግ ነበር ሲልም አከለ። እርስዎም ቢሸነፉ ተስፋ አይቁረጡ፤ 25 ዓመት ይጠብቁ፤ እስከዚያ ግን የኢሜይል አድራሻዎን አይቀይሩ።