ፍየል ወዲህ፣ ቅዝምዝም ወዲያ

ማይክል ጆርዳን ጠበቃ መቅጠር አያስፈልገውም። ሌብሮን ጄምስም እንዲሁ። ሁለቱም ቢሊየነሮች ናቸውና ቢፈልጉ የከተማውን ጠበቃ ሁሉ ማሰለፍ አያቅታቸውም። ግን ምን በወጣቸው! በየፀጉር ቤቱ፣ በየቡና ቤቱ፣ በየታክሲ ተራው ያለ አንዲት ሳንቲም ጉሮሯቸው እስኪደርቅ የሚሟገቱላቸው ነገረ ፈጆች ሞልተዋል። ደሞዝ የለ፣ አበል የለ፣ ምስጋና እንኳ የለ። ደንበኞቻቸው ስማቸውን አያውቁም። እንዲህ ያለ የጽድቅ ሥራ በዚህ ክፉ ዘመን ማየት እንዴት ደስ ይላል!

የሙግቱ ጭብጥ የታወቀ ነው፤ በኤንቢኤ ታሪክ የምንጊዜውም ታላቁ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ማነው? ሥርዓቱ ደግሞ አባቶቻችን በበላ ልበልሃ ካቆዩልን ብዙም አይርቅም። ያው ከመቀመጫ ብድግ ማለት አለ፣ ያው እጅ ማወናጨፍ አለ፣ ያው «ማር ብወርድ፣ በቅሎ ብወርድ» ማለት አለ። ጉድለቱ ትንሽ ነው። በበላ ልበልሃ ዳኛ ይሰየም ነበር፣ ምስክር ይቆጠር ነበር፣ ሲመሽም አንደኛው ይረታ ነበር። ከእነዚህ ከሦስቱ በቀር ሁሉም ተሟልቷል።

የዚህ ችሎት ትልቁ ጥበብ ፍርዱን አስቀድሞ ሕጉን በኋላ ማውጣቱ ነው። ተሟጋቹ አስራ አምስት ዓመት ሲሞላው ግድግዳው ላይ የለጠፈው ፎቶ የማን ነበር? ታላቁ እሱ ነው፤ አለቀ። ከዚያ በኋላ የቀረው ፎቶው ላይ ያለው ሰው ብቻ የሚያልፍበት በር እየለኩ መሥራት ነው።

ለምሳሌ የጆርዳንን ወገን ያዙ። «ቀለበት ቁጠር» ይላል፤ ዋንጫ ማለቱ ነው። እንቁጠር። ጆርዳን ከቺካጎ ቡልስ ጋር እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 1993፣ ደግሞም ከ1996 እስከ 1998 ስድስት ዋንጫ አንስቷል። ሌብሮን በማያሚ፣ በክሊቭላንድና በሎስ አንጀለስ በድምሩ አራት። ስድስት ከአራት ይበልጣል፤ ሒሳቡ የልጅ ሒሳብ ነው። ታዲያ ቢል ራስል ከቦስተን ጋር በ13 የውድድር ዘመን 11 ዋንጫ አለው ስትሉት፣ ነገረ ፈጁ ድንገት የታሪክ ተመራማሪ ይሆናል። «ያኔ እኮ ቡድኖቹ ስምንት ነበሩ፤ ውድድሩም ውድድር አልነበረም» ይላል። ደህና፣ የጥንቱን እንተወው። ሮበርት ሆሪስ? ከሂዩስተን ሁለት፣ ከሌከርስ ሦስት፣ ከሳን አንቶኒዮ ሁለት፣ ሰባት ቀለበት አለው፤ ያውም በ1990ዎቹና በ2000ዎቹ። «እሱማ ረዳት ነበር፤ በኮከቦች ጨዋታ ላይ አንድም ቀን አልተጠራ!» እውነት ነው፣ አልተጠራም። እንግዲህ ቀለበት የሚቆጠረው ጣቱ የጆርዳን ሲሆን ብቻ ነው ማለት ነው። ይህ ሕግ ከተጻፈ ችግር አልነበረውም፤ ችግሩ አለመጻፉ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው «ፍጻሜ ላይ ተሸንፎ አያውቅም» የሚለው ክርክር ነው። ስድስት ጊዜ ቀርቦ ስድስቱንም አሸነፈ፤ ሌብሮን ግን አስር ጊዜ ቀርቦ ስድስቱን ተሸነፈ። አቤት ውርደት! ጆርዳንስ በሌሎቹ ዓመታት የት ነበር ብላችሁ እንዳትጠይቁ። በ1985፣ በ1986ና በ1987 በመጀመሪያው ዙር ተሰናብቷል። ቀጥሎ ሦስት ዓመት በተከታታይ ዲትሮይት መንገድ ላይ ጠብቆ መልሶታል። በ1995 ከቤዝቦል ሲመለስ ኦርላንዶ አሸንፎታል። ሰባት ጊዜ ማለት ነው። ነገር ግን እነዚህ ሽንፈቶች ከፍጻሜው በፊት የተፈጸሙ ስለሆነ በወንጀል አያስጠይቁም። በዚህ ሕግ መሠረት የሌብሮን ጥፋት መሸነፉ ሳይሆን አምሽቶ መሸነፉ ነው። በ2007 በ22 ዓመቱ ደካማውን የክሊቭላንድ ቡድን እየጎተተ ሳን አንቶኒዮ ፊት ከሚያቀርበው ይልቅ በጊዜ ተሸንፎ ወደ ቤቱ ቢገባ ኖሮ፣ ዛሬ ስሙ ንጹሕ ነበር። ማን ይምከረው፣ ልጅ ነበር።

አንድ ተሸናፊ ጀግና ሲሆን ሌላው ተሸናፊ ወንጀለኛ የሚሆንበትም ምሥጢር አለ። በ1986 ጆርዳን ቦስተን ላይ 63 ነጥብ አስቆጥሮ በሁለተኛ ተጨማሪ ሰዓት 135 ለ131 ተረታ፤ ቡድኑም ሦስት ለባዶ ወጣ። ይህ ጨዋታ እስከ ዛሬ እንደ ተአምር ይተረካል፤ ይገባዋልም። በ2018 ሌብሮን በፍጻሜው የመጀመሪያ ጨዋታ ጎልደን ስቴት ላይ 51 ነጥብ አስቆጥሮ በተጨማሪ ሰዓት ተረታ። ይኸኛው ደግሞ «ያው ተሸነፈ አይደል» ተብሎ ይዘጋል።

የሌብሮን ወገን ግን በዚህ ደስ አይበለው፤ እሱም የራሱ ሜትር አለው። የሱ ሜትር ዕድሜ ነው። «ከ42,000 ነጥብ በላይ! ሃያ ምናምን ዓመት! ከልጁ ጋር በአንድ ቡድን ተሰለፈ!» በቆይታማ ከሆነ ካሪም አብዱል ጀባር የት ሄደ? ካሪም 20 የውድድር ዘመን ተጫወተ፤ ስድስት ዋንጫ አለው፤ የዓመቱ ኮከብ ተብሎ ስድስት ጊዜ ተመርጧል፣ ከጆርዳን በአንድ፣ ከሌብሮን በሁለት ይበልጣል። 38,387 ነጥቡም ሌብሮን በየካቲት ወር 2023 እስኪያልፈው ድረስ ዕድሜ ልክ የሚኖር ይመስል ነበር። ቀለበትም፣ ዕድሜም፣ ነጥብም፣ ሽልማትም አንድ ላይ የሚፈልግ ሐቀኛ ዳኛ ቢገኝ ሰውየውን ከነመነጽሩ ጠርቶ ወንበር ይሰጠው ነበር። በሙግቱ መሀል ግን የካሪም ስም የሚነሣው «ካሪምም ነበረ» ተብሎ ነው፤ ለቅሶ ቤት ዘግይቶ እንደመጣ እንግዳ ጥግ ይሰጠዋል። ጥፋቱ ሰው የሚሰለፍለት ጫማ አለመተዉ ሳይሆን አይቀርም።

በ2011 ፍጻሜ ሌብሮን ከዳላስ ጋር ምን እንደሆነ ብትጠይቁ ደግሞ ነገረ ፈጁ ስልክ ይደወልለታል። በአማካይ 17.8 ነጥብ ብቻ ነበር፤ በአራተኛው ጨዋታ ስምንት። በዚህ ጊዜ ስለ ጆርዳን ቤዝቦል ማውራት ይጀምራል። ፍየል ወዲህ፣ ቅዝምዝም ወዲያ።

ዋሽንግተን አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ አንድ ያገር ልጅ ፀጉር ቤት ያየሁትን ላጫውታችሁ። ወንበሩ ላይ አንድ ጎልማሳ ፎጣ አንገቱ ላይ ታስሮ ተቀምጧል፤ ግራው ተቆርጧል፣ ቀኙ እንዳለ ነው። ተራ የሚጠብቅ አንድ ወጣት ስልኩን ከፍቶ ቁጥር ይጠራል።

«ጋሼ፣ ጆርዳን 32,292 ነው። ሌብሮን አስር ሺሕ ያህል ይበልጠዋል።»

«አንተ ልጅ፣ ጆርዳን ሲጫወት መቼ ተወለድክና!»

«እርስዎስ ያኔ አዲስ አበባ አልነበሩም? የት አይተውት ነው?»

«በካሴት ነዋ! ሌሊቱን ሙሉ ነበር የምናየው!»

ጎልማሳው በተናገረ ቁጥር ራሱ ይዞራል፤ ፀጉር ቆራጩ ማሽኑን አየር ላይ ይዞ ይጠብቃል። ከኋላ ተራ የያዝነው ሰዎች ቁጥራችን እየበዛ ሄደ። በመጨረሻ አንድ አዛውንት «ኧረ ልጆቼ፣ መጀመሪያ የዚህን ሰው ራስ አስጨርሱን» አሉ። ጎልማሳው ዞሮ «አባባ፣ እርስዎስ ማን ይላሉ?» አላቸው። «እኔ ተራዬን እላለሁ» አሉት።

የሚገርመው ከዚያ ፀጉር ቤት በቀዩ የባቡር መስመር ጥቂት ፌርማታ ሄዶ ጆርዳን ራሱ የተጫወተበት አዳራሽ መኖሩ ነው። ከ2001 እስከ 2003 ለዋሽንግተን ዊዛርድስ ተሰልፏል። የዋሽንግተን ሐበሻ በዓይኑ በብረቱ አየሁት ሊል የሚችለው ጆርዳን ይህ ነው። ቡድኑ ሁለቱንም ዓመት 37 አሸንፎ 45 ተሸነፈ፤ ጥሎ ማለፍ አልገባም። በ40 ዓመቱ ግን ኒው ጀርሲ ላይ 43 ነጥብ አስቆጥሯል፤ በዚያ ዕድሜ 40 ነጥብ የደረሰ ከእሱ በፊት አልነበረም። እኔን ብትጠይቁኝ ከስድስቱ ዋንጫ ባልተናነሰ የሰውየውን እልህ የሚያሳየው ያ ምሽት ነው። የጆርዳን ነገረ ፈጆች ግን እነዚያን ሁለት ዓመታት ከመዝገቡ ቀደው ጥለዋቸዋል። በካሴት ያዩት ይቆጠራል፤ በዓይናቸው ያዩት አይቆጠርም።

ወደ ጥንቱ ስንመለስ ሙግቱ የባሰ ይጣፍጣል። በ2022 የቀድሞው ተጫዋች ጄጄ ሬዲክ በቴሌቪዥን ክርክር ላይ የጥንቱ ተጫዋች ቦብ ኩዚ የተጫወተው ከቧንቧ ሠራተኞችና ከእሳት አደጋ ሠራተኞች ጋር ነው ብሎ ነበር። ከዚያ ወዲህ ይህች አነጋገር የነገረ ፈጆች ሁሉ የጋራ ንብረት ሆናለች። ሬዲክ በኋላ የሌብሮን አሰልጣኝ ሆነ፤ ክፋት የለውም፣ ሥራ ነው። ከእነዚያ «የቧንቧ ሠራተኞች» አንዱ ግን ዊልት ቻምበርሌይን ነበር። በ1961–62 የውድድር ዘመን በአማካይ 50.4 ነጥብ አስቆጠረ። በዚያው ዓመት መጋቢት 2 ቀን፣ ፔንሲልቬንያ ውስጥ ቸኮሌት በሚሠራባት በሄርሺ ከተማ፣ ለፊላደልፊያ ተሰልፎ ኒውዮርክ ላይ 100 ነጥብ አገባ። 4,124 ተመልካች ነበረ፤ ቴሌቪዥን አልነበረም። የኒውዮርኩ ዋና ሴንተር በዚያ ምሽት አልተሰለፈም። ዊልት ከቅጣት ውርወራ ከሁለት አንዱን የሚስት ሰው ነበር፤ በዚያ ምሽት ግን ከ32ቱ 28ቱን አስገባ። መጨረሻው ላይ ኒውዮርኮች ኳሱ ዊልት ጋ እንዳይደርስ ሌሎቹን እየያዙ ያስቀጡ ጀመር፤ የፊላደልፊያ ልጆችም ኳሱን ቶሎ ለማስመለስ በተራቸው ኒውዮርኮችን እየያዙ መለሱላቸው። ጨዋታው ወደ ገበያ ግርግር ተለወጠ። 169 ለ147 አለቀ፤ ዊልትም «100» ተብሎ የተጻፈበት ቁራጭ ወረቀት ይዞ ፎቶ ተነሣ።

እዚህ ላይ ዳኛ ለሚፈልግ ሰው አንድ ነገር ልጠቁም። ያኔ የዓመቱን ኮከብ የሚመርጡት ተጫዋቾቹ ራሳቸው ነበሩ። በአማካይ 50 ነጥብ ያገባው ዊልት አለ። በሦስት ነገር በአማካይ ባለ ሁለት አሃዝ ያስመዘገበው ኦስካር ሮበርትሰን አለ። ተጫዋቾቹ የመረጡት ቢል ራስልን ነው። በክርናቸው የተጋፉት፣ ላባቸው የተቀላቀለው ሰዎች ፍርድ ይህ ነበር። የዛሬው ነገረ ፈጅ ግን ከእነሱ የተሻለ ያውቃል፤ ስልክ አለዋ! ስልኩ ደግሞ ራስል ስንት ኳስ እንደመከተ አይነግረውም፤ ሊጉ ምከታ መቁጠር የጀመረው ራስል ጫማውን ከሰቀለ አራት ዓመት በኋላ፣ በ1973–74 ነው። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ።

ደግሞ «የፍጻሜው ኮከብ» የሚባለውን ሽልማት የሚቆጥሩ አሉ። ጆርዳን ስድስት፣ ሌብሮን አራት፣ ራስል ዜሮ። ዜሮ! ሽልማቱ የተጀመረው ራስል በተሰናበተበት በ1969 ነው፤ ያን ጊዜም ለተሸነፈው ለጄሪ ዌስት ተሰጠ። ከ2009 ጀምሮ ሽልማቱ በራስል ስም ይጠራል። በስሙ የሚጠራውን ዋንጫ ስላላገኘ ሰውየው ከውድድር ወጥቷል። ለዚህ ዓይነቱ ፍርድ ይግባኝ የት ይባላል?

«በታሪክ» ሲሉ ሴቶቹን ማለታቸው እንዳልሆነም አትርሱ። የሴቶቹ ሊግ ሲጀመር ሂዩስተን ኮሜትስ አራቱን የመጀመሪያ ዋንጫዎች በተከታታይ ሲወስድ፣ ሲንቲያ ኩፐር አራቱንም ጊዜ የፍጻሜው ኮከብ ነበረች። ዳያና ቱራሲ ስድስት የኦሊምፒክ ወርቅ አላት። ስማቸውን ፀጉር ቤት ውስጥ ብትጠሩ ማሽኑ ድንገት ጸጥ ይላል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ደንበኞቹ ምን ይላሉ? ሌብሮን በ2016 ክሊቭላንድ ሦስት ለአንድ ከመመራት ተነሥቶ ያገኘው ዋንጫ ታላቁ እንዳደረገው ራሱ ተናግሯል፤ ስለዚህ የእሱ ነገረ ፈጅ ቢያንስ ከደንበኛው ፈቃድ አለው። ጆርዳን በበኩሉ ከእሱ በፊት ከነበሩት ጋር ስላልተጫወተ ማዕረጉን አልወስድም ሲል ተሰምቷል። የጆርዳን ወገን ይህን ሲሰማ ደንበኛውን «አርፈህ ተቀመጥ፣ አንተ አታውቅም» ሊለው ምንም አይቀረው።

ሙግቱ የሚደምቀው ደግሞ ጨዋታ በሌለበት ሰሞን ነው። ሊጉ ሰኔ ላይ ይዘጋል፣ ጥቅምት ላይ ይከፈታል። በመሀሉ ያለውን ክረምት የአሜሪካ የስፖርት ቴሌቪዥን በዚህ ቀለብ ይሻገራል፤ ለእኛም ትርፉ ይደርሰናል። ጥቅምት ላይ ኳሱ ሲነጥር ግን ያ ሁሉ ተሟጋች የለም። የዛሬው ተጫዋች ዮኪች በአንድ ምሽት ያቀበለውን ኳስ ማን አየ ብትሉ፣ ሁሉም «ሌሊት ነበር፣ ተኝቼ ነበር» ይላል።

ስለዚህ ነገረ ፈጅ ሲገጥማችሁ፣ ስም ከመጥራቱ በፊት መስፈርቱን በወረቀት አስጽፉት። ቀለበት ከሆነ ቀለበት፣ ነጥብ ከሆነ ነጥብ፣ የተጫዋቾች ድምፅ ከሆነም ድምፅ፤ ይጻፍና ይፈርምበት። ከዚያ ቁጥሩ ይውጣ። ራስል ከወጣ ራስል ይባል፣ ካሪም ከወጣ ካሪም ይባል። ሮበርት ሆሪ ከወጣ የሁላችሁንም ቡና እሱ ይክፈል።