ለትል ጥላ የተሠራበት ዘመን

ምነው ሸዋ! አቤት የሚባለው ለማን ነው? እናንተ የዕድሜ እኩዮቼ፣ የጡረታ ደብተርና የወገብ ሕመም ያዛመደን ወገኖቼ፣ ከነገሌ እስከ ያቤሎ፣ ከሞያሌ እስከ ፊልቱ በየደጃፋችሁ ተቀምጣችሁ ወጪ ወራጁን የምትታዘቡ ሁሉ፣ ይህን ስሙልኝ። ጥላ ለሰው በማይበቃበት በዚህ ቆላ ለትል ጥላ ተሠራ። በእኔ ግቢ፣ በእኔ ቆርቆሮ፣ በእኔ ወጪ።

ጦሱን ያመጣው የልጅ ልጄ ነው። ሐዋሳ ልከን አስተማርነው፤ ሲመለስ ዲግሪውን በአንድ እጁ፣ ትል የሞላበት ባልዲ በሌላው እጁ አንጠልጥሎ ከአውቶቡስ ወረደ። ቀያይ፣ ቀጫጭን ትሎች። የፈረንጅ ስምም አላቸው፤ አይዜኒያ ፌቲዳ ይባላሉ። በእኛ ዘመን ትል የያዘው ልጅ ኮሶ ይጋት ነበር፤ ዛሬ ትል የያዘ ልጅ ይመረቃል። ከዚያ ወዲህ ለኮምፖስት እየተባለ በቤታችን የሚደፋ ነገር የለም። የድንች ልጣጭ በአንድ ባልዲ፣ የቡና አተላ በሌላ፣ የእንቁላል ቅርፊት ተወቅጦ በጣሳ። ሽንኩርትና ሎሚ ክልክል ነው፤ ለትሎቹ አይስማማቸውም አሉ። እኔ "ቃሪያ ጨጓራዬን ይልጠኛል" እያልኩ ስንት ዘመን ስጮኽ የሰማኝ የለም፤ ለትል ጨጓራ ግን ቤተሰቡ በሙሉ ይጨነቃል። ፀሐይም አይችሉም፤ ሙቀቱ 35 ዲግሪ ከደረሰ ያልቃሉ። ስለዚህ በረንዳውን እነሱ ወሰዱ፤ እኔ ወንበሬን ይዤ ወደ ደጅ ወጣሁ።

በእኛ ጊዜ ይህን ጣጣ ማን ያውቅ ነበር! ቆሻሻ ቆሻሻ ነበር፤ ወደ ጓሮ ይወረወራል፣ አለቀ። የእንጀራ ፍርፋሪውን ፍየሏ ትበላለች፤ ፍየሏ የናቀችውን ዶሮዋ ትጭራለች። በላዩ የምድጃ አመድ ይደፋበታል፤ የጥጆቹ አዛባ ተዝቆ ይጨመርበታል፤ የጠላ አተላው፣ የጌሾ አሰሩ፣ የዕቃ እጣቢው ሁሉ እዚያው ይፈስሳል። በልግ ሲመጣ ማንም ያልዘራው ዱባ ከዚያ ክምር ላይ ይነሣና አጥር ተሻግሮ ጎረቤት ቤት ይገባል። ፍሬውን የሚሸከመው ሁለት ጎረምሳ ነበር። ክምሩ ሥር ያለው አፈር ቢቆፈር ጥቁር ነው፣ ልል ነው፣ ሽታው የዝናብ ነው። ይህን ሁሉ ያገኘነው አንድም ሰው ኮምፖስት ሳይሠራ ነው!

ዝናቡስ ቢሆን! የጋናው በመጋቢት፣ የሐጋያው በመስከረም፣ በቀጠሮው ቀን ከተፍ ይላል። ቲማቲሙ በሁለት እጅ ነበር የሚያዘው። ፍየሉ እንኳ አጥር ያከብር ነበር። ውሃማ ሞልቶ የተረፈ ነበር። እርግጥ ነው፣ ጥር 4 ቀን 1966 እዚሁ ነገሌ የ4ኛው ብርጌድ ወታደሮች የውሃ ፓምፓቸው ተበላሽቶ ከመኮንኖቹ ጉድጓድ እንዳይቀዱ ቢከለከሉ አምፀዋል፤ ንጉሡ የላኩትንም ጄኔራል ይዘው ከሚበሉት አብልተው፣ ከሚጠጡት አጠጥተውታል። የዚያን ዓመት አብዮት ታሪክ የሚጽፉ ሰዎችም ብዙ ጊዜ ከዚችው ጉድጓድ ይጀምራሉ። ቢሆንም ውሃ ነበር! ዛሬ ግን ጥማት ወታደር ባሳመፀበት ከተማ፣ የተማረ ልጅ በአህያ ጋሪ የመጣ ጀሪካን ውሃ ገዝቶ ሰላጣ ያጠጣል።

ክምሩም እንደ ዱሮው በዘፈቀደ አይከመርም። ደረቁና እርጥቡ በሒሳብ ነው፤ ካርቦኑ 30፣ ናይትሮጅኑ 1። "ልጄ፣ ይህን ስሌት ቅድመ አያትህ ታውቀው ነበር?" አልኩት። አታውቀውም። እሷ የምታውቀው እርጥብ ሲበዛ እንደሚከረፋ፣ ሲከረፋ ገለባና አመድ እንደሚበተንበት፣ ሲደርቅ ደግሞ እጣቢ እንደሚደፋበት ብቻ ነው። ከዚያ ያለፈ እውቀት አልነበራትም፤ በሰላም ኖረች። የእኛው ምሁር ግን ክምሩ ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ካልሞቀ የአረሙ ዘርና በሽታው አይሞትም ብሎ፣ የትኩሳት መለኪያዬን ከራስጌዬ አንሥቶ ፍጉ ውስጥ ሰካው። የሰው መለኪያ ከ42 በላይ ማንበብ ከየት ይምጣበት? ጮኸ፣ ጮኸ፣ ከዚያ ዝም አለ። እንግዲህ እኔን ትኩሳት ቢይዘኝ በምን እንደሚያውቁልኝ እንጃ፤ የክምሩ ጤንነት ግን ተረጋግጧል።

ይህን የኮምፖስት ነገር በመጽሐፍ ያስገባው አልበርት ሃዋርድ የሚባል እንግሊዛዊ ነው ይላል ስልኩ። ስልክ የሥራ ፈት ዕቃ ነው፤ እኔ ማታ ማታ ብቻ ነው የማስነብበው። ሰውየው ህንድ አገር፣ ኢንዶር ላይ ተቀምጦ ገበሬው ፍጉን፣ ገለባውንና አመዱን እንዴት እንደሚይዝ ዐየ፤ መዘነ፣ ለካ፣ እ.ኤ.አ. በ1931 አሳተመው፤ ኋላም "ሰር" ተባለበት። የኔ አያት ዕድሜዋን ሙሉ አዛባ ስትዝቅ ኖራ እመቤት ያላት የለም።

በአገራችንም ዶክተር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔር ነበሩ፤ ነፍሳቸውን ይማር። ከባለቤታቸው ከሱ ኤድዋርድስ ጋር ሆነው በ1980ዎቹ መጨረሻ ትግራይ ውስጥ ከገበሬው ጋር ጀመሩት፤ የየማሳው ምርት ሲመዘን ኮምፖስት የተደረገበት መሬት ከኬሚካል ማዳበሪያው እኩል፣ አንዳንዴም በላይ ሰጠ። እሳቸውን አከብራለሁ። እሳቸው የመከሩት ግን በሬና በረት ያለውን ገበሬ ነው እንጂ የእህል ከረጢት ላይ ሁለት እግር ቃሪያ ተክሎ ገበሬ ነኝ የሚለውን አይደለም። ደግሞስ ኮንሶ ጎረቤታችን አይደለም? 21 ትውልድ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ክቦ፣ አንዳንዱን እርከን እስከ 5 ሜትር አቁሞ፣ የከብቱን ፍግና የግቢውን ጥራጊ ወደ ማሳው እያጋዘ፣ ሽፈራውን በየደጁ እየተከለ ኖረ። ማንም ልብ አላለውም። በ2003 ዩኔስኮ መዝገብ ላይ ሲያሰፍረው ጊዜ ሁሉም "ለካ!" አለ። እኔ ከድሮም ዐውቅ ነበር፤ አልተጠየቅኩም እንጂ።

ራዲዮኑ የባሰበት ነው። "ውድ አድማጮቻችን፣ ክረምቱ ስለገባ ችግኝ ትከሉ፣ ኮምፖስታችሁን ወደ ማሳ አውጡ" ይላል በሐምሌ። የእኛ ሐምሌ እኮ ንፋስና ቀይ አቧራ ነው! የደጋው ክረምት እኛ ጋ ደመና ብቻ ይልካል፤ የእኛ መትከያ በጋናና በሐጋያ ነው። ልጁ ግን ራዲዮኑን አምኖ በሐምሌ ጎመን ተከለ። እርጥበት እንዲይዝለት ብሎ ሥሩን በደረቅ ሣር አለበሰው፤ ሣሩን ምስጥ በአንድ ሌሊት ጨረሰና ወደ መጥረጊያው እጀታ ተሻገረ። ፓፓያው ደግሞ አንገት ሲያወጣ የጎረቤት ግመል ራሱን በአጥር ላይ አሻግሮ፣ ግቢውን እንደ ቀበሌ ተቆጣጣሪ ከዳር እስከ ዳር መርምሮ፣ ጫፉን ቀጥፎ ሄደ። የድሮ ግመል ይህን አያደርግም ነበር።

በዚህ ላይ አንድ የቦረና ሽማግሌ ወዳጄ ሊጠይቁኝ መጥተው፣ ልጁ ሣር አጭዶ ከጉድጓድ ሲጨምር ዐዩት። ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። "የሞተ ነገር አለ ወይ?" ብለው ጠየቁኝ። "የለም፣ ኮምፖስት ነው" አልኳቸው። "ሣር ይቀበራል?" አሉ። ከ2013 እስከ 2015 አምስት የዝናብ ወቅት ተከታትሎ ከድቶ፣ ከብቱ በየሜዳው ሲረግፍ ያዩ ሰው ናቸው፤ ምን ልበላቸው? ሣሩን ያን ቀን ለጊደራቸው አሸክሜ ላክሁት። ልጁ አኮረፈ። ከዚያ ወዲህ ሣሩ አስቀድሞ በከብት ሆድ አልፎ ነው ወደ ጉድጓዱ የሚገባው፤ የእሳቸው በረት ፍጉን ይሰጠናል፣ እኛ የጎመን ግንዱን እንልካለን። ይህን ማንም መጽሐፍ አላስተማረውም፤ ሽማግሌ አናደደው እንጂ።

ወጪውንማ አታንሡት! ድሮ ቲማቲም በነፃ ነበር። ዛሬ የማጠጫው፣ የዘሩ፣ የጋሪው፣ የጀሪካኑ ሲደመር፣ ከደጋው በኢሱዙ የሚወርደውን ሣጥን ሙሉ የምገዛበት ገንዘብ ሦስት ፍሬ ቲማቲም አፈራ። ሦስቱም ከመበላታቸው በፊት ፎቶ ተነሡ። ኧረ ለመሆኑ ቲማቲም ፎቶ ምን ያደርግለታል? እኔም አጠገባቸው ቆሜ ተነሥቻለሁ፤ ከሲታ አስመስሎ ስላወጣኝ ጋቢዬን ለብሼ እንዲደግመው አዝዣለሁ።

እኔ በዚህ የሕፃናት ጨዋታ ውስጥ የለሁበትም። ጤና አዳሜና በሶብላዬ ይበቁኛል፤ እነሱም ያለ ማንም እርዳታ ነው የሚያድጉት፤ ማታ ማታ እጣቢ ከማጠጣታቸውና ከጉድጓዱ ጥቂት አፈር ከማልበሳቸው በቀር አልነካቸውም። ክምሩንም ቢሆን የማገላብጠው ልጁ መንሽ አያያዝ ስለማያውቅ ብቻ ነው። ዱላ ሰክቼ እያወጣሁ የምዳስሰውም ለወጉ ነው፤ ዱላው ሞቅ ብሎ ረጠብ ካለ ደኅና ነው፣ ደርቆ ነጭ ሻጋታ ካበቀለ ውሃ ጠምቶታል።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ምክሬን ስሙ። የልጅ ልጅ ባልዲ ይዞ ከአውቶቡስ ሲወርድ ባያችሁ ጊዜ በሩን ዝጉ። ከገባ ግን፣ መቼም ይገባል፣ በምድር ላይ አያስከምርባችሁ፤ እዚህ ፀሐይና ንፋስ አንድ ሳምንት አያቆየውም። ጉድጓድ ያስቆፍር፣ ከዛፍ ጥላ ሥር፤ ደረቁን፣ እርጥቡን፣ ፍጉን፣ አመዱን እያፈራረቀ ይደርድር፤ ሳሙና ያልበዛበት እጣቢ ያጠጣው፤ አፈር ያልብሰውና ጥቂት ወር ይታገሥ። ከጋና ዝናብ በፊት ይደርሳል። ትሎቹ ደግሞ በዝተውብኛል፤ ያለ ዋጋ እሰጣለሁ፤ የሚፈልግ ጣሳ ይዞ በጠዋት ይምጣ። ከሰዓት በኋላ ግን አትምጡብኝ፤ ቆርቆሯቸው እንዳይግል ውሃ የማርከፈክፍበት ሰዓት ነው።