የጭላዳ ጠጉር ካባ

ድሮ ነው አሉ። አባ ቄራ የሚባለው ሹም የመንዝን ጓሳ ዘግቶ ሳሩን በሚያስጠብቅበት ዘመን ሜዳው የሰው፣ ገደሉ የጭላዳ ነበር። ጭላዳዎቹ ልጆቻቸውን ገደሉ ላይ ስለሚያሳድሩ ዘበኛ አቁመዋል። ዘበኞቹ ባዕድ የመሰላቸውን ሳይጠይቁ ይቦጫጭቁታል፤ አንዳንዴ ደግሞ የገዛ ልጃቸውን። ስለዚህ አንድ ሽማግሌ ተሾሙ። ሥራቸው በመንጋው መሃል እየዞሩ «ተዉ፣ ይሄ የእኛው ነው» ማለት ነበር።

ከመንጋው ዳር አንዲት ቀይ ቀበሮ ትኖራለች። (የእውነተኛው ጓሳ ቀይ ቀበሮ ይቅር ይበለኝ፤ እሱ በጭላዳ መሃል አይጥ ሲያድን ጭላዳዎቹ ዞረውም አያዩት።) ይህችኛዋም ብዙውን ጊዜ ጨዋ ናት። ጭላዳዎቹ ቅማል ሲለቃቀሙ የሚረግፈውን ጠጉር ሰብስባ ካባ ሠርታለች። ሌላው ሲሞቀው ያወልቃል፣ እሷ ሲሞቃት ትደርባለች፤ የመንጋው ቁጣ በሙቀት ይታወቃታልና። ከዚያ የሽማግሌውን እጅ ትይዛለች። ሽማግሌ ይዘውት ከሚሄዱት ጋር ማን ይጣላል?

ለልጆቿ ያወረሰችው ሁለት ቃል ነው፦ «ሲሞቅ ደርቡ።» ቃል ሲወራረስ ይወላገዳል። አንዱ ቡችላ «ሲሞቅ አውልቁ» ብሎ ሰማ፤ በዚያው ቀን ተቦጫጨቀ፣ ስሙንም የሚያነሳ የለም። ሌላው የሰማው «ደርቡ» የሚለውን ብቻ ነው። ብልጥ ሆኖ አይደለም። ሳሩ በውርጭ በነጣበት ንጋት፣ ማንም ሳይቆጣ፣ ካባውን ደርቦ ወጣ። ዘበኞቹ ሲነቁ የሽማግሌውን እጅ ይዞ ገደሉ አፋፍ ላይ ነበር።

ማጅራት ገትር የሚያመጣው ባክቴሪያ ይህንኑ ያደርጋል። በጤነኛ ሰው ጉሮሮ በሰላም ይቀመጣል፤ ሙቀት ሲጨምር ሽፋኑን ያወፍራል። ሙቀት በሚለካበት የዘር መልእክት ላይ ጥቂት ፊደል ሲፋለስ ደግሞ አንዳንዴ ትኩሳት እስኪመጣ አይጠብቅም። በ1981 ዓ.ም. በአገራችን ከ40,000 በላይ ሰው የታመመበት ወረርሽኝ የዚሁ ባክቴሪያ ሥራ ነው።

ወደ ገደሉ እንመለስ። የጭላዳዎቹ ጉባኤ ከቀበሮዎቹ መካከል «ኤ» የሚባለውን ቤተሰብ ካባ ቁራጭ ለዘበኞቹ አሳየ፤ እኛም ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ በዘመቻ የተከተብነው ይህንኑ ነው። ያ ቤተሰብ ጠፋ ማለት ይቻላል። «ሲ»፣ «ደብሊው» እና «ኤክስ» የሚባሉት ቤተሰቦች ግን በሌላ ሽመና መጡ።

አንዲት አሮጊት ተነሡ። «ካባውን ተዉት። ቀበሮዋ የሽማግሌያችንን እጅ የምትይዝበትን ጣት እንይ» አሉ።

ሽማግሌው ተቆጡ። «እኔ እጄን የሰጠሁትን ነው የምትፈትሹት?»

ዘበኞቹ ተያዩ። በመንዝ ሽማግሌ ማስቀየም እንዲህ ቀላል አይደለም። ነገሩ በይደር ቆየ፤ ቀበሮዋም በዚያው ሰሞን ስድስት ወለደች።