ችግር ወደ ግቢ አይገባም

ስለ ትምህርታችን የሚያማርር ሰው ስለበዛ፣ አንድ ሰው እንኳ ተነሥቶ ያመስግን ብዬ ነው ብዕር ያነሣሁት። ትምህርት ቤቶቻችን አንድ ትልቅ ነገር ተሳክቶላቸዋል፤ ችግርን ከግቢ ውጭ አስቀርተዋል። በር ላይ ያለው ጥበቃ የተማሪውን መታወቂያ ያያል፣ ዩኒፎርሙን ያያል፣ ቦርሳውን ከፍቶ ስልክ ይፈልጋል። ኑሮ የሚባለውን ግን መፈተሽ አያስፈልገውም። እሱ ራሱ እንደማይፈለግ ያውቃልና አጥሩን ተደግፎ የመውጫ ደወል ይጠብቃል።

ቀላል ሥራ እንዳይመስላችሁ። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ችግር የመፍታት አቅም ያለው ዜጋ እናፈራለን ካለ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። ከዚያ ወዲህ «ችግር ፈቺ» የሚለው ቃል ያልገባበት ዕቅድ፣ ያልተቀባበት የግቢ ግድግዳ ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። ችግር ፈቺ ለማፍራት ደግሞ፣ ምቀኞች እንደሚሉት፣ ችግር ያስፈልጋል። እኛ ያለ እሱ ሞክረነዋል። ውጤቱን ኋላ እንደርስበታለን።

አሁን ስምንተኛ ክፍል ሒሳብ እንግባ። ሰሌዳው ላይ እንዲህ ተጽፏል፦ «አንድ ቧንቧ ሮቶውን በ4 ሰዓት ይሞላል። ሌላው ቧንቧ በ6 ሰዓት ይሞላል። ሁለቱ አንድ ላይ ቢከፈቱ ሮቶው በስንት ሰዓት ይሞላል?» ከመስኮቱ ማዶ እውነተኛው ሮቶ ቆሟል፤ ጥቁር፣ ባለ 10,000 ሊትር፣ ባዶ። ከሥሩ የጽዳት ሠራተኞቹ ቢጫ ጀሪካኖች ተደርድረዋል። ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ እጇን ታወጣለች።

«ቲቸር፣ ቧንቧው ውሃ አለው እንዴ?»

ክፍሉ በሳቅ ይፈነዳል። መምህሩ ጠመኔውን እንደያዘ ዞር ይልና፣ «በጥያቄው ላይ አለ ተብሏል!» ይላል። ትክክለኛ መልስ ነው። በጥያቄው ላይ ውሃ አለ፤ ፈረቃ የለም፣ ግፊት አያንስም፣ መስመር አይፈነዳም። መልሱ 2 ሰዓት ከ24 ደቂቃ ሆኖ ደብተር ላይ ይሰፍራል፣ ይሰመርበታል፣ ልጅቷም ሁለተኛ እጇን አታወጣም።

እስቲ ይህ መምህር ቢሳሳትና ልጅቷን ቢሰማት የሚመጣውን ጣጣ አስቡ። ግቢው 1,200 ተማሪ አለው እንበል። ውሃ በፈረቃ በሳምንት ሁለት ሌሊት ይመጣል። አንዱ ሮቶ ሁለቴ ቢሞላ 20,000 ሊትር ነው፤ ለ1,200 ተማሪና ለአምስት የትምህርት ቀን ሲካፈል በነፍስ ወከፍ በቀን 3.3 ሊትር ገደማ ይደርሳል። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ውሎ ለሚመለስ ተማሪ በትንሹ 5 ሊትር ይላል። እስከዚህ ድረስ ማካፈል ብቻ ስለሆነ ብዙም አያስፈራም። ልጆቹም ደስ ብሏቸው «ሁለተኛ ሮቶ ይገዛ!» ይላሉ። ወላጅ ኮሚቴም እንዲሁ ይላል፤ መዋጮ ይጀመራል።

ከዚያ አንዱ ነገረኛ ልጅ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይዞ ውሃ በመጣበት ሌሊት ከጥበቃው ጋር ያመሻል፤ በስልኩ ሰዓት ይይዛል። ጀሪካኑ በ50 ሴኮንድ ሞላ እንበል። በደቂቃ 24 ሊትር፣ በሰዓት 1,440 ሊትር ማለት ነው። ፈረቃው ስምንት ሰዓት ከቆየ የሚገባው 11,520 ሊትር ነው። አያችሁት ጉዱን? ሁለተኛው ሮቶ ቢገዛም የሚገባለት ከ1,600 ሊትር አያልፍም። በነፍስ ወከፍ 3.3 የነበረው 3.8 ይሆናል፤ 5 አይደርስም። መዋጮው ሁሉ ውሃ ሳይሆን ባዶ ፕላስቲክ ይገዛል። ችግሩ ያለው ማጠራቀሚያው ላይ ሳይሆን መስመሩ ላይ ነው። ስለዚህ ልጆቹ ወደ ውሃና ፍሳሽ ደብዳቤ መጻፍ አለባቸው፤ ደብዳቤ ለመጻፍ አማርኛ ሊጠይቁ ነው፤ ማን ለማን በምን ሥልጣን እንደሚጽፍ ለማወቅ ሥነ ዜጋ ሊጠይቁ ነው፤ ሲጸዳዱ የሚፈሰውን ውሃ ለመለካት መጸዳጃ ቤት ሊገቡ ነው፤ እዚያ ሲገቡ ደግሞ ቀንና ሌሊት የሚንጠባጠበውን፣ ማንም ያልጠገነውን ቧንቧ ሊያዩ ነው። አንድ የሒሳብ ጥያቄ ሦስት የትምህርት ዓይነትና አንድ ቢሮ በጠበጠ። ለዚህ ሁሉ ከመጽሐፉ ጀርባ መልስ የለውም። ርዕሰ መምህሩም «ይህን ማን አስተማራችሁ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ሁለቱ ቧንቧዎች በ2 ሰዓት ከ24 ደቂቃ ቢሞሉት አይሻልም?

አባቶቻችን ይህን ብልሃት አያውቁትም ነበር። የቅኔ ቤቱ ተማሪ ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ጀምሮ በየቀኑ አዲስ ቅኔ እንዲቆጥር ይጠበቅበታል። ትናንት የተናገረውን ዛሬ ቢደግም መሳቂያ ነው፤ የሌላውን ቢያመጣ ሌብነት ነው። የኔታ በጉባኤ ፊት ይሰሙታል፣ ይነቅሱታል፣ ያርሙታል፣ ሲበዛ ያሳፍሩታል። ተማሪው የዕለቱን በዓል፣ የአገሩን ወሬ፣ ቁራሽ ሲለምን ውሻ ያባረረበትን ደጅ ሁሉ ሰምና ወርቅ አድርጎ ይመጣል። እንግዲህ ይህ ኋላ ቀር ትምህርት ነው፤ ምርጫ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ እንኳ የለው!

ዘመናዊው ትምህርት ከዚህ ጭንቅ አወጣን። በ1997 ዓ.ም. ገደማ የፕላዝማ ቴሌቪዥን ትምህርት ሲመጣ ደግሞ መምህሩንም ገላገለው። ደቡብ አፍሪካ ተቀርጾ በሳተላይት የሚመጣው ትምህርት በፈጣን እንግሊዝኛ ይፈስስ፣ በመሐል ጥያቄ ይጠይቅ፣ ለመልስ ጥቂት ሴኮንድ ይሰጥ፣ ከዚያም ማንም ሳይመልስ «ቬሪ ጉድ!» ይል ነበር። እኔ እስከ ዛሬ እንደዚያ ቸር መምህር አላየሁም። የመለሰውንም፣ ያልመለሰውንም፣ የተኛውንም እኩል ያሞግስ ነበር። መብራት ከጠፋማ ዕረፍት ነበር።

«ትምህርትን ከሕይወት ጋር አያይዙ» የሚል መመሪያም በየጊዜው ስለሚመጣ፣ እሱንም የምናስታግስበት ዘዴ አላጣንም። አንደኛው ስም መቀየር ነው። ጆን የሚለውን ከበደ፣ ፖሙን ብርቱካን ማድረግ። ከበደ ታዲያ ዛሬም 60 ሐብሐብ ገዝቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። በዚህ ኑሮ ብሩን ከየት አመጣው? ሐብሐቡንስ በምን ተሸከመው? አይጠየቅም። ከበደ መባሉ ብቻ አገርኛ አድርጎታል። ሁለተኛው የቡድን ሥራ ነው፤ አንድ ለአምስት። አንዷ ትሠራለች፣ አምስቱ ስም ያስጽፋሉ፣ ስማቸው ላይ የፊደል ስህተት ከተገኘ ይቆጣሉ። ሦስተኛው ፕሮጀክት ሲሆን ይህ ከሁሉ የከበረ ነው። «ምርምርና ፕሮጀክት በጥራት እንሠራለን» የሚል ማስታወቂያ የለጠፈ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄዶ ርዕስ መምረጥ፣ ሽፋኑ ላይ ስም ማስቀየር፣ በፕላስቲክ ማስጠረዝ። «የአካባቢያችን የብክለት ችግርና መፍትሔው» የሚለው በጣም ተፈላጊ ነው። በአንድ ደጋ ከተማ የቀረበ እንዲህ ያለ ሥራ ገጽ 7 ላይ ሐይቁ በፋብሪካ ፍሳሽ መበከሉን፣ ዓሣ አስጋሪዎቹም መጎዳታቸውን በሰፊው ያትታል። ከተማዋ ሐይቅ የላትም። ማርኩ ግን ከ10 ዘጠኝ ነው፤ ጥራዙ ያምራል።

ለነገሩ ይህ የቆየ ባህል ነው። ድሮ በእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ መጥረጊያ ሠርታችሁ ኑ ስንባል ከገበያ ገዝተን አልመጣንም? የገበያው መጥረጊያ ደግሞ ሁልጊዜ ልጁ ራሱ ከሠራው የተሻለ ማርክ ያገኝ ነበር።

ወደ ሒሳብ ልመለስ፤ ሆዴን የሚበላኝ እዚያ ነው። በሁለተኛ ደረጃ መጽሐፍ ውስጥ በየክልሉ ሕጉ የሚለዋወጥ ፈንክሽን አለ፤ ኤክስ ከዚህ በታች ሲሆን አንድ ሕግ፣ ከዚህ በላይ ሲሆን ሌላ ሕግ። ተማሪው ግራፉን ይሥላል፣ ግራፉ መሐል ላይ ይሰበራል፣ ይህ ነገር በዓለም ላይ የት እንደሚገኝ ሳያውቅ ይመረቃል። መምህሩ ግን ያው ፈንክሽን በየወሩ ኪሱ ይገባል፤ የደመወዝ ግብር ነው። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው ሕግ እስከ 2,000 ብር ግብር የለም፤ ከዚያ እስከ 4,000 ባለው ላይ 15 ከመቶ፣ እስከ 7,000 ባለው ላይ 20፣ እስከ 10,000 ባለው ላይ 25፣ እስከ 14,000 ባለው ላይ 30፣ ከዚያ በላይ 35። 10,000 ብር የሚያገኝ ሰው ግብሩ 1,650 ብር ነው። አሁን ደመወዙ 10,100 ሆነ እንበል። በየመሥሪያ ቤቱ የሚወራውን ታውቁታላችሁ፦ «30 ከመቶ ውስጥ ከገባህ ጭማሪው ራሱ ይበላሃል፣ ባይጨምሩልህ ይሻልህ ነበር።» የሚጨመረው ግብር የ100 ብሯ 30 ከመቶ ብቻ ነው፤ 30 ብር። ሰባዋ ብር ከግብሩ ትተርፋለች። ይህን ለማወቅ ያን የተሰበረ ግራፍ አንድ ጊዜ በደመወዝ መሣል ይበቃል፤ ባለ ዲግሪው ሁሉ ጭማሪ ፈርቶ አይኖርም ነበር። ግን የደመወዝን ነገር ክፍል ውስጥ ማንሣት ያስነውራል። ልጆች የመምህሩን ደመወዝ አስልተው ቢደርሱበት፣ ማን መምህር መሆን ይፈልጋል?

«ፈተና አለብን!» የሚል መልስ ይመጣል። አዎ፣ ትክክል። ኑሮን ውጭ የተውነው ለማትሪክ ስንል ነው። ልጁ ስለ ሮቶው ሲጨነቅ ቻፕተር ሰባት ሳያልቅ ይቀራል፤ ቻፕተሩ አለማለቅ ደግሞ ወንጀል ነው። እሺ፣ ሸመደድን። ኖት ጻፍን፣ ወርክሺት አባዛን፣ አጤሬራውም በጥፍር በሚያህል ወረቀት ተዘጋጀ። የ2014 ዓ.ም. ፈተና ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሲሰጥና አጤሬራው እንደ ኑሮ በር ላይ ሲቀር፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 ከመቶ ሆነ። በ2015 3.2። በ2016 5.4። በ2017 8.4። ለወደቁት ሬሜዲያል የሚባል ማስታመሚያ ተከፈተላቸው። ጎበዝ፣ ለፈተና ስንል ኑሮን ትተን፣ ፈተናውም ሳይሳካልን ቀረ፤ ከሁለት ያጣ ጎመን ሆንን። በነገራችን ላይ፣ አራት ምርጫ ያለው ፈተና ላይ ዓይኑን ጨፍኖ የሚያጠቁር ሰው በአማካይ 25 ከመቶ ያገኛል። ግማሽ የማምጣት ዕድሉስ ስንት ነው? ለፕሮባቢሊቲ ክፍለ ጊዜ እንዴት ያለ ጥያቄ ነበር! ተማሪው በእርግጥ ስለ ራሱ ያሰላው ነበር።

መምህሩን ብቻውን ግን አላማም። ሰባ ልጅ የታጨቀበት ክፍል፣ 40 ደቂቃ፣ ቤተ ሙከራው ተቆልፎ ቁልፉ ንብረት ክፍል፣ አንድ ብልቃጥ ለማውጣት ሞዴል 20 አስፈርም የሚባልበት አገር ነው። የዕለት ዕቅዱ ላይ «የመርጃ መሣሪያ» በሚለው ረድፍ «ከአካባቢ የሚገኙ ቁሳቁሶች» ብሎ ይጽፋል፤ ሱፐርቫይዘሩ ረድፉ መሞላቱን እንጂ ቁሳቁሱን አያይም። ከመጽሐፉ አትውጣ የተባለ መምህር፣ ከራሱ ችግር ቢፈጥር ማን ይመሰክርለታል?

ስለዚህ ሥልጠና ይሰጠዋል። በዓመት አንዴ ከከተማ ወጣ ያለ ሆቴል፣ ሦስት ቀን፣ «ተማሪ ተኮር የማስተማር ስልት»። አሠልጣኙ ጠዋት ፓወር ፖይንቱን ይከፍትና «ተማሪው ዕውቀቱን ራሱ ይገነባል» የሚለውን ስላይድ ያነብባል። ከዚያ ቀጣዩን ያነብባል። ከምሳ በኋላም ያነብባል። ጥያቄ ያነሣ ካለ «መጨረሻ ላይ እንመለስበታለን» ይባላል። ሰልጣኙ ስልኩን ይነካካል፣ ከኋላ የተኛም አለ፤ በሦስተኛው ቀን ፍላጎት አነሣሽ ጨዋታ ተብሎ ሁሉም ቆሞ ያጨበጭባል፣ ይቀመጣል።

ከዚያ የአበል መክፈያው ሊስት ይመጣል።

ክፍሉ ነቃ። የመጣንበት ቀን ለምን በግማሽ ተቆጠረ? አውቶቡሱ ከዚያ ተነሥቶ እዚህ የሚደርሰው በስንት ሰዓት ነው፣ ይኸው ትኬቱ! የሩቅ ወረዳና የቅርቡ መጓጓዣ እንዴት እኩል ሆነ? አንዱ ወረቀት አወጣ፣ ሌላው መመሪያውን ከስልኩ አነበበ፣ የፊዚክሱ መምህር ኪሎ ሜትሩን አሰላ፣ የጂኦግራፊዋ መምህርት መንገዱ ጠመዝማዛ መሆኑን አስረዳች፣ የሥነ ዜጋው አቤቱታውን ረቂቅ አድርጎ ጻፈ። ተኝቶ የነበረው ሰውዬ በስድስተኛው ረድፍ ላይ የድምር ስህተት አገኘ። ማንም ኖት አልሰጣቸውም፣ ማንም በአንድ ለአምስት አልመደባቸውም። ሒሳብ ሹሙ እንደገና ደመረና እውነታቸውን መሆኑን አመነ።

አስተባባሪው ማይክሮፎኑን አንሥቶ፣ «እባካችሁ መምህራን፣ ረብሻው ይብቃ፤ አንድ ስላይድ ይቀረናል» አለ።