ጆሮ ለመንካት የሚደረግ ዝግጅት

ልጅዎ ሰባት ዓመት ሞላው። እንኳን ደስ ያለዎት! አሁን የሚቀረው ትምህርት ቤቱን ማሳመን ነው፤ አይጨነቁ፣ ቀስ ብለን አብረን እንዘጋጃለን።

አንደኛ፣ ልጁን ቀጥ አድርገው ያቁሙት። ቀኝ እጁን በአናቱ ላይ አሻግሮ ግራ ጆሮውን ይንካ። ከነካ ለትምህርት ደርሷል። ካልነካ አልደረሰም። ከመዝጋቢው ጋር አይከራከሩ። በአንበጣው ዓመት፣ በሰኔ ሚካኤል ማግስት እንደወለዱት ቢያስታውሱም ለራስዎ ይያዙት፤ ያን ዕለት ምጥ ላይ ስለነበሩ ምስክርነትዎ ገለልተኛ አይደለም። የልደት ምስክር ወረቀት ካለዎትም ከቦርሳዎ አያውጡት። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው ገና በ2008 ዓ.ም. ነው፤ ጆሮ ግን ጥንትም ነበረ።

ሁለተኛ፣ የፈተናውን ጥበብ ይረዱ። ሕፃን ሲወለድ ጭንቅላቱ የቁመቱን ሩብ ያህላል፤ ሲያድግ አንድ ስምንተኛ ገደማ ይሆናል። ጭንቅላት ቀድሞ ይጨርሳል፤ ስድስት ዓመት ላይ የአዋቂውን ሊያክል ጥቂት ነው የሚቀረው። እጅና እግር ኋላ ይደርሳሉ። እንግዲህ ክንዱ ጭንቅላቱን መሻገር ሲችል ዕድሜው ደረሰ ማለት ነው፤ በልቶ ያደገ እንደሆነ። ምግብ ሲጎድል ሰውነት ያለችውን ለአንጎል ያደላል። ቁመትና ክንድ ያጥራሉ፣ ጭንቅላት ግን ያን ያህል አይቀንስም። በ2011 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 37 በመቶው መቀንጨራቸውን አሳይቷል። አይደንግጡ። እነዚህ ልጆች ምግብ አልጎደላቸውም፤ ወደፊት ዕድሜ ነው የሚጎድላቸው።

ሦስተኛ፣ ከምዝገባው በፊት ፀጉሩን ይላጩት። ጎፈሬ ዕድሜ ይቀንሳል። ሴት ልጅ ከሆነች ሹሩባዋን ይፍቱላት። አንገቱን ዘንበል አድርጎ ቢደርስበት ግን ያቃኑት፤ በማዘንበል ስድስት ወር ማትረፍ ማጭበርበር ነው።

ይህ ሁሉ ሆኖ ካልደረሰ፣ ታናሹን ይሞክሩ። እሱ በደኅና ዘመን ተወልዶ ጠግቦ ያደገ ከሆነ ሳይደርስበት አይቀርም። ያስመዝግቡት። ታላቁ ከብት ይጠብቅ፤ ለከብት ጥበቃ ጆሮ ንካ የሚል የለም። ከርሞ ተመልሰው ይምጡ፤ ትምህርት ቤቱ ምሳ የሚያበላ ከሆነም ደስ ይበልዎ፣ ልጅዎ ክንዱ እንደረዘመ መጥቶ ይበላል።