ጥርስ ያለው ወይስ ጥርስ የሌለው?

ሀበሻ በሰው አገር ሲሰበሰብ ብድር ሊጠፋ ይችላል፤ ምክር ግን አይጠፋም። እዚህ ጁባ፣ ኮሎሎ ሰፈር ውስጥ፣ ምክር ከውኃ ቦቴው ቀድሞ በር ያንኳኳል። ለቴሌስኮፔ ካሜራ የሚሸከም ፎከሰር ልገዛ ነው ብዬ ቡና ላይ ባነሳ፣ ቴሌስኮፕ በዓይኑ አይቶ የማያውቀው ሁሉ አቋም ያዘ።

ነገሩ ትንሽ ነው። ፎከሰር ማለት ማዞሪያውን ስትነኩት ወጣ ገባ እያለ ምስሉን የሚያጠራው ቱቦ ነው። በዓይን ለሚያይ ሰው የትኛውም ይበቃል፤ ዓይን ቸር ነው፣ ትንሽ ቢደበዝዝበት ራሱ ያቃናዋል። ካሜራ ይሉኝታ የለውም። እንደኔው ባለ ኤፍ/5 ቴሌስኮፕ ላይ ምስሉ ጥርት የሚልባት ቦታ ከአንድ ሚሊሜትር አንድ አሥረኛ እንኳ አትሞላም። በዚያ ላይ ሰባት ስምንት መቶ ግራም ካሜራ ስታንጠለጥሉበት የእኔው ፎከሰር ቀስ ብሎ ያዘነብላል። ፎቶው ላይ የምትወጣው ጨረቃ የከረመ ድፎ ዳቦ ትመስላለች።

ምርጫው ሁለት ነው። አንደኛው በማርሽ ጥርስ የሚሄደው ነው። የግቢያችንን ጄኔሬተር የሚጠግኑት ጋሼ የእሱ ወገን ናቸው። «ጥርስ የሌለው ነገር ክብደት አይዝም፣ አለቀ!» ብለው ስኒያቸውን ያስቀምጣሉ። እውነት አላቸው፤ ግን የጁባ የበጋ አቧራ ከግሪስ ጋር ተለውሶ ጥርስ ላይ ምን እንደሚሠራ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም።

ሁለተኛው ጥርስ አልባው ክሬይፎርድ ነው። እንግሊዝ አገር ያለው የክሬይፎርድ ሥነ ፈለክ ማኅበር አባል ጆን ዎል ነው በ1970ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ያመጣው። ቱቦውን ከአንድ ወገን ኩሽኔታዎች ይደግፉታል፣ ከሌላው ወገን ዘንግ ይጫነዋል፤ የሚያንቀሳቅሰው ፍትጊያ ብቻ ነው። ለስለስ ብሎ ይሄዳል፣ አይንገጫገጭም። ካሜራው ሲከብድ ግን ይንሸራተታል፤ ብሎኑን ስታጠብቁት ደግሞ ማዞሪያው ይደርቃል።

እኔን የገረመኝ ሰውዬው ፓተንት አለማውጣቱ ነው። ሠራው፣ አሳየ፣ ውሰዱ አለ። ይህ ፈጠራ ኮሎሎ ውስጥ ተገኝቶ ቢሆን ብዬ አሰብኩ። መጀመሪያ ሁለት ጓደኛሞች እንደ ምግብ ቤት በሽርክና ይከፍቱታል። ቤቱ ይሞቃል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ክትፎም ይጨመርበታል። ከዚያ አንደኛው የአክስቱን ልጅ ሒሳብ ተቀባይ ያደርጋል። ኩርፊያ ይመጣል፣ ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ለሁለት ይከፈላሉ። በመጨረሻ በአንድ አጥር ግራና ቀኝ ሁለት ታፔላ ይሰቀላል፤ «ዋናው ክሬይፎርድ» እና «እውነተኛው ክሬይፎርድ»። ሁለቱም ጋ ያለው አስተናጋጅ ያው አንድ ልጅ ነው፣ ጠዋት እዚህ፣ ማታ እዚያ። ኩሽኔታውን ማን እንዳሰበው ብትጠይቁት፣ «እኔ ለሥራ ነው የመጣሁት» ይላችኋል።

የትኛውንም ልምረጥ፣ የሚያበግነኝ ሌላ ነው። ቴሌስኮፑ የመጣበት ካርቶን ላይ «ካሜራ ይገጠምበታል» ተብሎ በትልቁ ተጽፏል። ውሸት አይደለም፣ ይገጠማል። አያሳይም እንጂ! የካሜራው ብርሃን ተቀባይ ሰሌዳ ከነማገናኛ ቀለበቱ 55 ሚሊሜትር ወደ ኋላ ገባ ብሎ ነው የተቀመጠው። ስለዚህ ፎከሰሩ ያንኑ ያህል ወደ ውስጥ መግባት አለበት፤ የእኔው ሁለት ጣት ሲቀረው ግጥም ብሎ ይቆማል። ይህ የወረቀት ሒሳብ ነው። ሠሪዎቹ ያውቁታል! አውቀው ረጅሙን ፎከሰር ገጠሙበት፣ አውቀው ካርቶኑ ላይ ያን ሁሉ ባለ ቀለም የኔቡላ ፎቶ አተሙበት፣ አጭሩን ደግሞ ለብቻው በሌላ ዋጋ ይሸጡላችኋል። መልስ እንዳትሉት፣ ከጁባ መላኪያው ከዕቃው ይበልጣል። ገዢው ሩቅ መሆኑን የሚያውቅ ነጋዴ ድፍረቱ ይገርማል።

ይህን ሁሉ ስዘረዝር ጋሼ ዝም ብለው ሰሙኝና፣ «ታዲያ የቴሌስኮፑን ቱቦ በመጋዝ አሳጥረህ ትልቁን መስታወት ወደ ፊት አታስጠጋውም?» አሉኝ። ይባስ ብሎ ትክክል ናቸው፣ እንደዚያ የሚያደርጉ ሰዎች አሉ። ጋሼ መጋዝም አላቸው። ቴሌስኮፑን ከዚያ ቀን ወዲህ አልጋ ሥር ነው የማሳድረው። ወሬው ወደ ዶላር ምንዛሬ ዞረ፣ ሰማዩም ደመነ።

ጥድፊያዬ ግን በምክንያት ነው፤ ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. የፀሐይ ግርዶሽ አለ። ሙሉው ለግብፆቹ ለእነ ሉክሶር ነው፣ ለጁባ የሚደርሳት ከፊሉ ነው፣ እሱም ዝናቡ ከፈቀደ። በአዲስ አበባ በኩል ወደዚህ የምትመጡ ወገኖች፣ ከበርበሬውና ከሽሮው ጎን ባለ ሁለት ኢንች አጭር ፎከሰር ሻንጣችሁ ውስጥ ቦታ ካገኘ አደራችሁን። ጥርስ ይኑረው አይኑረው፣ ልትሳፈሩ ስትሉ ደውሉልኝና እነግራችኋለሁ።